ጠቋሚ፣ መጠቆሚያና መዳፊት
ቅርጽ ሲለወጥ ስለሚፈተኑ የኮምፒዩተር ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በመዝገብ በሰፈረበት ቀን ሳይሆን፣ ባለሥራው በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ሲናገርበት ነው። አንድ ስያሜ ብቻውን ቆሞ ሲታይ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲሰለፍ ግን ወይ የሌላውን ቦታ ይወስዳል፣ ወይም የራሱን ይለቃል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እንዲህ ካለው ፈተና የገባ አነስተኛ የቃላት ቤተሰብ ነው። ይኸውም በግል ኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሰውን ምልክት፣ ምልክቱን የሚያንቀሳቅሰውን መሣሪያ፣ እንዲሁም ተጠቃሚው የምልክቱን ቅርጽ፣ መጠንና ቀለም እንደ ፍላጎቱ የሚለውጥበትን ተግባር ለመግለጽ እስካሁን የቀረቡት የአማርኛ ስያሜዎች ናቸው።

ጉዳዩ ጥቃቅን መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ በዐይኑ የሚከተለው ይህንኑ ትንሽ ምልክት ነው። ምልክቱን ማሳደግና ቀለሙን መለወጥ ደግሞ ለብዙዎች ጌጥ ሊሆን ቢችልም፣ የማየት ኃይላቸው ለደከመ ሰዎች ሥራ መሥራትና አለመሥራት ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ማስተካከያው የሚገኝበትን ቦታ የሚፈልጉት በስሙ ነው፤ ስሙ ከተምታታ ማስተካከያው ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል።

2. አንድ መሣሪያ በሁለት ስም መወለዱ

መሣሪያውን በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ያሰበው ዳግላስ ኤንግልባርት፣ የመጀመሪያውን ናሙና እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው የሥራ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነው። ናሙናው ከእንጨት የተቀረጸ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ከሥሩ ሁለት መንኮራኩሮች ነበሩት። ከሣጥኑ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ገመድ ጭራ ስለመሰለ በቤተ ሙከራው «ማውስ» ተባለ፤ ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ ኤንግልባርት ራሱ ኋላ ሲጠየቅ የሚያስታውስ አልተገኘም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተሰጠው የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ግን ይህን ስም በርዕሱ አይጠራም። በዚያ ሰነድ መሣሪያው የተሰየመው «ለማሳያ ሥርዓት የሚያገለግል የአግድምና የሽቅብ ቦታ አመልካች» ለማለት በሚቀርብ ረጅም ሐረግ ነው።

ለቃላት አጥኚ ይህ ታሪክ ብዙ ይናገራል። አንዱ ስም የወጣው ከመልክ ነው፤ ሌላው የወጣው ከተግባር ነው። ከመልክ የወጣው አጭርና ለአፍ የሚጥም ስለነበረ አሸነፈ፤ ከተግባር የወጣው ትክክለኛ ቢሆንም በሰነድ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ብዙው ማውስ ገመድ የለውም። ጭራው ጠፍቶ ስሙ ቀርቷል። ስሙ ሊቀር የቻለውም እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቃሉን ሲሰማ አይጧን ማሰብ ስለተወ ነው።

በስክሪኑ ላይ የሚታየው ምልክትም ስሙ አንድ ሆኖ አልቆየም። በኤንግልባርት ቤተ ሙከራ ምልክቱ «ባግ»፣ ማለትም ሦስት አጽቄ ይባል ነበር። በኋላ «ከርሰር» የሚለው ቃል በሰፊው ተሠራበት። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረታዊ ትርጉሙ «ሯጭ» ነው፤ ከኮምፒዩተር በፊት በማስሊያ ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ ቁጥር የሚያሳየው ክፍል በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ከዚያም «ፖይንተር» መጣ። ቅርጹም ቢሆን ተለዋውጧል። መጀመሪያ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀስት ነበር፤ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል፣ በዘመኑ ስክሪን ጥራት ማነስ የተነሣ ዘንበል ያለው ቀስት ይበልጥ ስለሚለይ፣ ዛሬ የምናውቀውን ወደ ግራ ያዘነበለ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ማኪንቶሽ ተጠቃሚውን «ጠብቅ» የሚለው ምልክት በሱዛን ኬር የተሣለ የእጅ ሰዓት ነበር። በዊንዶውስ የአሸዋ ሰዓት ሆኖ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ደግሞ የሚሽከረከር ቀለበት ተተካ። «የአሸዋ ሰዓቱ እስኪጠፋ ጠብቅ» ብሎ የጻፈ የትምህርት መጽሐፍ ከዚያ ዓመት ወዲህ ተማሪው የማያየውን ነገር የሚያስጠብቅ ሆኗል።

3. ማበጀት እንደ ስያሜ ፈተና

ተጠቃሚው የምልክቱን መልክ ራሱ ሲለውጥ ችግሩ ይበልጥ ይገለጣል። በዊንዶውስ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ ጠቋሚዎች በዝርዝር ተቀምጠዋል። ዝርዝሩ ለረጅም ጊዜ 15 ተግባራት ነበሩት፤ በዊንዶውስ 10 ዘመን ቦታና ሰው ለመምረጥ የሚያገለግሉ ሁለት ተጨምረው 17 ሆኑ። እያንዳንዱ ተግባር የራሱ ሥዕል አለው። ለተለመደ ምርጫ ቀስት፣ ለጽሑፍ ቋሚ ዘንግ፣ ለማያያዣ እጅ፣ ለመጠበቅ ቀለበት፣ መስኮትን ለማስፋትና ለማጥበብ ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት ተመድቧል። ተጠቃሚው ከእነዚህ ማናቸውንም አንሥቶ በሌላ ሥዕል መተካት ይችላል፤ የሚተካው ሥዕል የቆመ ወይም የሚንቀሳቀስ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ይለወጣል እንጂ ተግባሩ አይለወጥም።

እንግዲህ ስሙ ከሥዕሉ የተቀዳ ከሆነ ምን ይሆናል? «ቀስቱን ወደ ቡና ፍሬ ለውጠው» ከተባለ በኋላ «ቀስቱን ወደ ቀኝ ውሰድ» ቢባል ትእዛዙ ትርጉም ያጣል፤ ቀስት የለማ! ስሙ ከተግባሩ የተቀዳ ከሆነ ግን «የጠቋሚውን ቅርጽ ወደ ቡና ፍሬ ለውጥ፤ ከዚያም ጠቋሚውን ወደ ቀኝ ውሰድ» ማለት ይቻላል። ማበጀት፣ ከመልክ የወጣውን ስም ከተግባር ከወጣው ስም የሚለይ ወንፊት ነው የምንለው ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስያሜዎች የምንመዝነውም በዚሁ ነው።

4. ስለ መሣሪያው፦ ማውስ፣ መዳፊት፣ አይጥ

በአማርኛ ለመሣሪያው ሦስት ስሞች ይገኛሉ። ሕዝቡ በንግግር የሚጠቀምበት «ማውስ» ነው። በአንድሮይድ ስልኮች የአማርኛ ትርጉም ውስጥ «መዳፊት» የሚል ስያሜ ይገኛል። በነፃ በሚሠራጨው ሊብሬ ኦፊስ የአማርኛ ትርጉም ውስጥ ደግሞ «አይጥ» ተብሏል።

«አይጥ» ቃል በቃል የተወሰደ ስያሜ ነው። ይህን መንገድ የመረጡ ቋንቋዎች ብዙ ናቸው፤ ፈረንሳይኛ «ሱሪ»፣ ጀርመንኛ «ማውስ» ሲሉ እንስሳዋን መጥራታቸው ነው። በስፔን አገር «ራቶን» ይባላል፤ በላቲን አሜሪካ ብዙ ቦታ ግን ስፓኒሽ ተናጋሪው ራሱ የእንግሊዝኛውን ቃል ይመርጣል። ስለዚህ መንገዱ በራሱ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ በአማርኛ የሐረግ አሠራር ላይ ነው። በአማርኛ «የአይጥ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የመሣሪያ ስም ሲመጣ፣ ሐረጉ መሣሪያው በአይጥ ላይ የተሰናዳ መሆኑን ይነግረናል፤ የአይጥ ወጥመድ፣ የአይጥ መርዝ እንደምንለው። በዚህ አምሳል «የአይጥ መጠቆሚያ» የሚለውን ያነበበ ሰው የሚረዳው አይጥ ያለችበትን ስፍራ የሚጠቁም መሣሪያ ነው። ፈሊጡ ከባዕድ ሲገባ የአማርኛው የሐረግ ልማድ አልተጠየቀም።

«መዳፊት» ከዚህ የተሻለ አስተሳሰብ አለው። «መዳፍ» ከሚለው ስም ላይ፣ በሙሽሪትና በአሮጊት የምናውቀው የአንስታይ ምዕላድ ተጨምሮ የተሠራ ይመስላል። አማርኛ አንስታይን ለማሳነስና ለማቆላመጥ ስለሚጠቀምበት፣ ቃሉ «በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ነገር» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ከቋንቋው ውስጥም ተፈልጎ የተገኘ ነው። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ መሣሪያው የሚነካበትን የአካል ክፍል እንጂ የሚሠራውን ሥራ አይነግርም፤ በላፕቶፕ ላይ በጣት የሚዳሰሰው ሰሌዳም በእጅ የሚሠራ ስለሆነ በስሙ አይለይም። ሁለተኛ፣ ቃሉ ከስክሪን ወደ አፍ አልወረደም። «ኮምፒዩተር» ለሚለው «መቀምር» የሚል ስያሜ ቀርቦ በሊቃውንት ዘንድ ታውቆ ሲቀር ያየን ሰዎች፣ ይህን ዓይነቱን ዕጣ እናውቀዋለን። ሕዝቡ አስቀድሞ የያዘውን አጭር የውሰት ቃል የሚያስጥለው ይበልጥ አጭር ወይም ይበልጥ ግልጽ የሆነ ቃል ብቻ ነው።

«ማውስ» ለአማርኛ ድምፀ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። ማውሱ፣ ማውሶች፣ በማውስ እያለ ያለ ችግር ይረባል። ለተናጋሪው እንስሳ ስለማያሳስበውም የመልክ ስም የሚያመጣውን ጣጣ አያመጣም። በዚህ ቦታ የውሰት ቃል መቀበል የስንፍና ምልክት ሳይሆን የሚዛን ውሳኔ ነው።

5. ጠቋሚና መጠቆሚያ

ለምልክቱ የቀረቡት ሁለት ስያሜዎች ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ በአንድሮይድ «ጠቋሚ»፣ በሊብሬ ኦፊስ «መጠቆሚያ»። ልዩነቱ የሰዋስው ነው፤ ስለዚህም በጣዕም የሚወሰን አይደለም። «ጠቋሚ» ባለድርጊት ስም ነው፤ የሚጠቁመውን ራሱን ይሰይማል። «መጠቆሚያ» በመ- እና በ-ያ መካከል የተቀረጸ የመሣሪያ ወይም የቦታ ስም ነው፤ ሌላ አካል የሚጠቁምበትን ይሰይማል። ጸሐፊ በመጻፊያ ይጽፋል፤ ቆራጭ በመቁረጫ ይቆርጣል። በስክሪኑ ላይ ሆኖ ወደ ነገሩ የሚያመለክተው ምልክቱ ነው። እጃችን ይዞ የሚገፋው፣ በዚያም አማካይነት የምንጠቁምበት፣ መሣሪያው ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን ተከትለን ስንሄድ ምልክቱ «ጠቋሚ»፣ መሣሪያው «መጠቆሚያ» መባል ይገባቸዋል። «የአይጥ መጠቆሚያ» የሚለው ትርጉም የመሣሪያውን ቅርጸ ቃል ለምልክቱ ሰጥቶ፣ ለመሣሪያው የእንስሳ ስም አስቀርቷል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን። ማውስ፣ በጣት የሚዳሰሰው ሰሌዳ፣ በቦታው ሆኖ የሚሽከረከረው ኳስ፣ ሁሉም በአንድ ወገን የሚመደቡ መሣሪያዎች ናቸው። ለዚህ ወገን የጋራ ስም ያስፈልጋል፤ «መጠቆሚያ» ያለ ምንም ፍጥርጥር ይህን ቦታ ይሞላል። ማውስ የመጠቆሚያ አንዱ ዓይነት ነው፤ ጠቋሚ ደግሞ በመጠቆሚያ የሚንቀሳቀስ ምልክት ነው። እንዲህ ሲሆን ቃላቱ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ።

«ጠቋሚ» ከፍች አኳያ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው አንልም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአብዮቱ ዘመን ሰውን አሳልፎ የሚሰጥን ሰው ለመጥራት ያገለገለ ቃል ስለሆነ፣ በዕድሜ የገፋ አንባቢ ቃሉን ሲሰማ ሊከብደው ይችላል። ይሁንና «ጠቋሚ ጣት» የሚለው አነጋገር ከዚያም በፊት የነበረ፣ ዛሬም ያለ ነው። «አመልካች» የሚለው አማራጭ ቢታሰብ ደግሞ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ይዞ ከሚቆመው ባለጉዳይ ጋር ይጋጫል። ከሁለቱ «ጠቋሚ» ይሻላል፤ «ትልቅ የመዳፊት ጠቋሚ» የሚለው የአንድሮይድ ማስተካከያም፣ በ«መዳፊት» ላይ ያለን አስተያየት እንዳለ ሆኖ፣ ቅጽሉ የሚገልጸው ጠቋሚውን እንጂ መሣሪያውን አለመሆኑን በአማርኛ ሥርዓት በትክክል ያሳየ ሐረግ ነው።

6. አንድ ስም ለሁለት ነገር

ከሁሉ የሚከብደው ግድፈት ከዚህ ላይ ነው። በስክሪን ላይ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች አሉ። አንደኛው በመጠቆሚያ የሚንቀሳቀሰው ነው። ሁለተኛው በጽሑፍ ውስጥ ብልጭ ድርግም እያለ ቀጣዩ ፊደል የሚገባበትን ቦታ የሚያሳየው ቀጭን ጭረት ነው። ሁለቱ አብረው ይታያሉ፤ አንዱ ባለበት ሌላው ላይኖር ይችላል፤ ማስተካከያቸውም በተለያየ ቦታ ነው። የአማርኛ ተርጓሚዎች ግን ለሁለቱም አንዱን ቃል፣ ማለትም አንዳንዶቹ «ጠቋሚ»ን፣ ሌሎቹ «መጠቆሚያ»ን ይሰጣሉ።

ለዚህ ምክንያት የሆነው ምንጩ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ራሱ «ከርሰር» የሚለውን አንዳንዴ ለጭረቱ፣ አንዳንዴ ለጠቋሚው ይናገራል። ተርጓሚው ቃሉን እንጂ ነገሩን ካልተከተለ የምንጩ ብዥታ ወደ ትርጉሙ ይገለበጣል። ጀርመንኛ ለጠቋሚው ሰዓት ላይ ያለውን ቆጣሪ የሚያሳስብ «ማውስጻይገር» የሚል፣ ለጭረቱ ደግሞ «የጽሕፈት ምልክት» ማለት የሆነውን «ሽራይብማርከ» የሚል አለው። ፈረንሳይኛም ለጭረቱ «የማስገቢያ ነጥብ» የሚል ሐረግ ይጠቀማል። እነዚህ ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛው የተሻለ ጥራት ያገኙት ስላሰቡበት ነው እንጂ ቃል ስለበዛላቸው አይደለም። አማርኛም «የጽሕፈት ምልክት» ለማለት የሚያግደው ነገር የለም።

መምታታቱ የሚያስከትለውን ለማየት፣ ዐይኑ የደከመ ጸሐፊ የሚጽፍበትን ቦታ ማግኘት አቅቶት ማስተካከያ ሲፈልግ እናስብ። «የጠቋሚ መጠን» የሚለውን አግኝቶ ያሳድጋል። ቀስቱ አደገ፤ የጽሕፈቱ ጭረት ግን እንደነበረ ቀጭን ሆኖ ቀረ። ሰውየው ማስተካከያው አይሠራም ብሎ ይተዋል። ማስተካከያው ሠርቷል፤ ያልሠራው ስሙ ነው። በዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ለጠቋሚው መጠንና ቀለም በቀላሉ የሚገኝ መቆጣጠሪያ መቀመጡ፣ በማክ ኮምፒዩተሮች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማውሱ በፍጥነት ሲወዘወዝ የጠፋው ጠቋሚ ለጊዜው ገዝፎ እንዲታይ መደረጉ፣ ሠሪዎቹ ለዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደተጨነቁ ያሳያል። ያ ሁሉ ድካም በአንድ የተዛነፈ ስያሜ ሊባክን አይገባም።

7. ማበጀት፣ ብጁና የትእዛዝ አንቀጽ

ተግባሩን ለመሰየም «ማበጀት» መመረጡን እንደግፋለን። ጎጆ አበጀ፣ መላ አበጀ፣ መቀመጫ አበጀ እንላለን፤ በሁሉም ውስጥ ለሚፈለገው አገልግሎት እንዲመች አድርጎ ማዘጋጀት የሚል ሐሳብ አለ። ይህ ከቋንቋው ጓዳ የወጣ ቃል ነው። ከዚሁ የወጣው «ብጁ» የሚለው ቅጽል፣ ክቡርና ምሉ በሚባሉት አምሳል የተቀረጸ ስለሆነ በሥርዓት ነቀፋ የለበትም። ጉድለቱ ከስክሪን ውጭ አለመሰማቱ ነው፤ በመሥሪያ ቤት የዋለ አንባቢም ቶሎ የሚያስታውሰው በጀትን ነው። «በልክ የተሠራ» የሚለው የልብስ ሰፊዎች አነጋገር በብዙ ቦታ ሊተካው ይችላል፤ ቦታ በጠበበበት ብቻ «ብጁ» ቢቆይ አንቃወምም።

ይበልጥ የሚያሳስበው የአንቀጹ መልክ ነው። በአንዱ ትርጉም «አብጅ» ይባላል፤ በሌላው በአክብሮት ይታዘዛል። «አብጅ» አንድን ወንድ የሚያዝዝ አንቀጽ ነው፤ ተጠቃሚዋ ሴት ብትሆን፣ ወይም ሽማግሌ ቢሆኑ፣ ቃሉ አይመለከታቸውም። በእንግሊዝኛ የትእዛዝ አንቀጽ ፆታም ማዕርግም ስለሌለው ይህ ጥያቄ ለመነሻው ጸሐፊ አልተነሣም። በአማርኛ ግን ማምለጫው ቅርብ ነው፤ ንዑስ አንቀጽን መጠቀም። «ጠቋሚን ማበጀት» ማንንም አይጠራም፤ ማንንም አያስቀይምም። በአንጻሩ «ጠቅ ማድረግ» የሚለውን የመሰለ ስኬትም አለ። አማርኛ በድምፅ አስመሳይ ቃላትና በ«አደረገ» ግሥ የሚሠራውን የራሱን ስልት ይዞ የወጣ ስለሆነ፣ ማንም ሳይሰብክለት ተለምዷል።

8. ጨለለቅቱ

አንድ ስያሜ ለማን እንደሚወጣ ለማሰብ ከአዲስ አበባ ራቅ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጨለለቅቱ በጌዴኦ ዞን የኮቸሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከዲላ ተነሥቶ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ይደርስባታል። አካባቢው የቡናና የእንሰት አገር ነው። የሕዝቡ አፍ መፍቻ ጌዴኡፋ ሲሆን፣ ከሲዳምኛ፣ ከሀድይኛና ከከምባትኛ ጋር ከምሥራቅ ደጋ ኩሻውያን ቋንቋዎች ይመደባል፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ለብዙው ሰው በትምህርትና በሥራ የተያዘ ሁለተኛ ቋንቋ ነው።

በዚህች ከተማ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ቤት ሲነገር የሰማነውን እንጥቀስ፤ አንድ ቦታ የተሰማ ንግግር እንጂ ጥናት አይደለም። ጽሑፍ የሚያስጽፉት ሰዎችና ጸሐፊው መሣሪያውን ሳያመነቱ «ማውስ» ይሉታል። ምልክቱ ሲጠፋ «ቀስቷ የት ሄደች?» ይባላል፤ ጭረቱ «ከርሰር» ነው። ኮምፒዩተሩ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ የሚገባበት ለሚጻፈው ደብዳቤ ብቻ ነው። ከንግግሩ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ተናጋሪው ጠቋሚውንና ጭረቱን በሁለት ስም ይለያል፤ ተርጓሚው ያጠፋውን ልዩነት ባለሥራው ጠብቆታል። ሁለተኛ፣ ምልክቷን በአንስታይ ማቆላመጡ፣ ሕዝቡ ለዚህች ትንሽ ነገር የራሱን ሰዋስው መስጠት መጀመሩን ያሳያል።

አማርኛን በሁለተኛ ደረጃ ለሚያውቅ ሰው ከግልጽ ሥር የወጣ ቃል ታላቅ እርዳታ ነው። «ጠቆመ»ን የሚያውቅ «ጠቋሚ»ንና «መጠቆሚያ»ን በራሱ ይደርስባቸዋል፤ «መዳፊት»ንና «ብጁ»ን ግን መማር አለበት። ከዚህም ሌላ የጌዴኡፋ የኮምፒዩተር ቃላት ነገ ሲሰናዱ፣ አሰናጆቹ ከእንግሊዝኛው ጎን የአማርኛውን ትርጉም መመልከታቸው የማይቀር ነው። አማርኛው ሁለቱን ምልክቶች በአንድ ስም ካጨቀ፣ ብዥታው ሌላ ቋንቋ ውስጥም ሊዘራ ይችላል። የቀደመ ቋንቋ ለሚከተሉት መንገድ ማጥራት እንጂ እንቅፋት መተው አይገባውም።

9. ተቃውሞና መልስ

«ሁሉንም በውሰት ይዞ መሄድ አይቀልምን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ለመሣሪያው ስም ይህን ተቀብለናል። በማበጀት ገጽ ላይ የተደረደሩትን 17 የተግባር ስሞች ግን በውሰት መሙላት ገጹን ከነጭራሹ አለመተርጎም ነው። ቃል በቃል መተርጎምም አያድንም። ኮምፒዩተሩ አንድ ነገር እንደማይፈቀድ ሲያሳይ የሚወጣውን ጠቋሚ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል ተከትሎ «የማይገኝ» ቢሉት አንባቢው የጠፋ ነገር ይፈልጋል፤ ሊባል የሚገባው «የማይፈቀድ» ነው። ፕሮግራሙ ሥራውን እየቀጠለ ተጠቃሚውም መሥራት የሚችልበትን ሁኔታ «በጀርባ» ከማለት «ጎን ለጎን ሲሠራ» ማለት ይገልጸዋል፤ ፈጽሞ መጠበቅ ሲያስፈልግ ደግሞ «ጠብቅ» ከማለት «መጠበቂያ» ማለት ይሻላል።

10. የቀረቡ ሐሳቦች

ከላይ በተሰጠው ሐተታ መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሀ. «መጠቆሚያ» ለመሣሪያዎቹ ወገን የጋራ ስም ይሁን፤ ከእነርሱም አንዱ «ማውስ» ተብሎ ይቀጥል። «አይጥ» ይቅር፤ «መዳፊት» በሕዝብ ንግግር ቦታ ካገኘ ወደፊት ይታያል።

ለ. «ጠቋሚ» በመጠቆሚያ ለሚንቀሳቀሰው ምልክት ብቻ ይዋል። «ቀስት»፣ «እጅ»፣ «ቀለበት» የቅርጽ ስሞች እንጂ የጠቋሚው ስሞች እንዳይሆኑ ይጠበቅ።

ሐ. በጽሑፍ ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚለው ጭረት «የጽሕፈት ምልክት» ይባል፤ በንግግር «ከርሰር» ቢባል ነቀፋ የለውም፤ «ጠቋሚ» ግን አይባል።

መ. በጠቋሚው ሥዕል ውስጥ ኮምፒዩተሩ እንደ መነኪያ የሚቆጥረው አንድ ነጥብ አለ፤ በቀስት ላይ ጫፉ፣ በመስቀለኛ ምልክት ላይ መካከሉ፣ በእጅ ላይ የጣቱ ጫፍ ነው። የራሱን ጠቋሚ የሚሥል ሰው ይህን ነጥብ በትክክል ካላስቀመጠ የሚነካው ሌላ፣ የሚያየው ሌላ ይሆናል። ይህ «ጠቋሚ ነጥብ» ይባል።

ሠ. ጠቋሚው ሲሮጥ ከኋላው እየደበዘዘ የሚታየው ጥላ «የጠቋሚ ዱካ»፣ በአንድነት የሚለወጡት ሥዕሎች «የጠቋሚዎች ስብስብ» ይባሉ።

ረ. በቁልፎችና በርዕሶች ላይ የትእዛዝ አንቀጽ ቀርቶ ንዑስ አንቀጽ ይግባ፤ «ጠቋሚን ማበጀት»፣ «መጠን መለወጥ»፣ «ቀለም መምረጥ» እንደሚባለው።

ተርጓሚዎች አንድን ስያሜ ከመቀበላቸው በፊት በሦስት ዐረፍተ ነገር እንዲፈትኑት እንመክራለን። በአንደኛው ነገሩ ይታዘዝበት፤ በሁለተኛው የነገሩ ቅርጽ ይለወጥበት፤ በሦስተኛው ጎረቤቱ የሆነው ስያሜ አብሮት ይግባ። በሦስቱም ሳይደናቀፍ ያለፈ ቃል ለመዝገብ ይበቃል። የዚህ መጽሔት አንባቢዎችም ከላይ የቀረቡትን ስድስት ሐሳቦች በዚሁ መንገድ ፈትነው፣ የወደቀውን ከነምክንያቱ ቢያሳውቁን ሥራው ወደፊት ይራመዳል።